ያገለገለ የከባድ ቆዳ ስፌት መኪና እንዴት ይገዛል? ከምርጫ እስከ ርክክብ

አዲስ የከባድ ቆዳ ስፌት መኪና ዋጋው አይቀመስም። ቀበቶ፣ ቦርሳ ወይም ጫማ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ዓይኑ ያገለገለ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ያገለገለ መግዛት የሚያስፈራ ነገር አይደለም። እነዚህ ማሽኖች ወፍራም ብረት ናቸው፤ በወጉ ዘይት ካገኙ ከባለቤታቸው በላይ ይኖራሉ። ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው የሲንገር ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። እዚያ የተሠሩት የጫማ ሰፊ ማሽኖች ግን ዛሬም ድረስ እንጀራ ያበላሉ።

ችግር የሚመጣው ከአመራረጡ ነው። አንዱ በስም ይገዛል። ሌላው በቀለም። ሌላው ደግሞ ደላላው «ይሄ ብረት ይሰፋል» ስላለው። እኔ በዚህ ጉዳይ የማልደራደርበት ነገር አለ። ያገለገለ ማሽን የሚመዘነው በራሳችሁ ቆዳና በራሳችሁ ክር፣ በእጅ ቀስ ተደርጎ እየዞረ ነው። ቀጥሎ መርፌውና ጠጋኙ በከተማችሁ ይገኛል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ስሙና ዕድሜው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መጀመሪያ የምትሰፉትን ለኩ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ከምትሠሩት ዕቃ ሁሉ ወፍራሙን ቦታ ፈልጉ። ቀበቶ ከሆነ ቀላል ነው። 4 ሚሊ ሜትር የላም ቆዳ ከ2 ሚሊ ሜትር ገበር ጋር 6 ይሆናል። ቦርሳ ግን ያታልላል። ቆዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ማንገቻው ከጎን የሚገናኝበት ቦታ ላይ እጥፉ፣ ገበሩና ጠርዙ ተደራርቦ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ማሽኑ የሚወድቀው ወይም የሚያልፈው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ቁርጥራጮቹን እንዳሉ ደራርቡ፣ በጣት ጫን አድርጉ፣ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ፣ ጻፉት።

ሁለተኛው ልኬት ክር ነው። የክር ውፍረት በቴክስ ይነገራል። ቴክስ 70 ማለት 1,000 ሜትሩ 70 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይወፍራል። አንዳንድ ጥቅልል ላይ የምታዩት የትኬት ቁጥር ግን በተቃራኒው ይሄዳል፤ 20 ቁጥር ከ40 ቁጥር ይወፍራል። ትኬት 40 ወደ ቴክስ 70፣ ትኬት 20 ወደ ቴክስ 135 ይጠጋል። ለቀላል ቦርሳና ለዋሌት ቴክስ 70 ወይም 90 ይበቃል። ወፍራም ቀበቶና ጠንካራ የጉዞ ቦርሳ ቴክስ 135 ወይም 210 ይፈልጋሉ። ለኮርቻ፣ ለልጓምና ለመሣሪያ ማንገቻ ከ270 በላይ ይኬዳል።

መርፌው ክሩን ይከተላል። ለቴክስ 70 ከ100 እስከ 110 ቁጥር፣ ለ135 ደግሞ 140፣ ለ210 160፣ ለ270 180። ቁጥሩ ራሱ ውፍረቱን ይናገራል፤ 140 ማለት 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አንድ ማሽን «ከባድ ይሰፋል» ሲባል መጠየቅ ያለበት ስንት ሚሊ ሜትር፣ በየትኛው ክር የሚለው ነው። ይህን ሁለት ቁጥር የያዘ ገዢ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የትኛው ማሽን ለየትኛው ሥራ

ለቦርሳና ለቀላል ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ልክ የሚሆነው ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ የተኛው፣ መርፌው፣ ከላይ የሚጫነው እግርና ከሥር ያለው ጥርስ ሦስቱም አብረው ቆዳውን የሚጎትቱበት ማሽን ነው። ጁኪ 1541፣ ኮንሲው 206፣ ሲንገር 111፣ ፋፍ 545 እና 1245 የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው አይንሸራተትም። በተግባር እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ፤ ቴክስ 135ን ያለ ጭንቀት ይይዛሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የጁኪ 1541 እግር በጉልበት ማንሻ 16 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ሻጭ ይህን ቁጥር ይዞ «16 ሚሊ ይሰፋል» ይላችኋል። እግሩ የሚነሳበት ከፍታና የሚሰፋው ውፍረት ይለያያሉ። መርፌ ያዡ ዘንግ ወጥቶ ለመመለስ፣ እግሩም ለመራመድ ቦታ ይፈልጋሉ።

የቦርሳ ጎን፣ የኮፍያ ዙሪያ፣ የተዘጋ ክብ ነገር የምትሰፉ ከሆነ ባለ ክንዱ ይሻላችኋል። ዕቃው ክንዱ ላይ ተሽከርክሮ ይገባል። ጁኪ 341ና ፋፍ 335 በመካከለኛው ክብደት የታወቁ ናቸው። የጫማ ፊት ለሚሰፋ ደግሞ መስፊያው ወደ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመው ነው የሚሆነው። ጫማ ሠሪ ይህን ያውቀዋልና ብዙ አልልበትም።

ከዚያ በላይ ያለው ትልቁ ነው፤ ባለ ረጅም ክንዱ ጁኪ 441። ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ 794 የሚባለውን ረጅም መርፌ ይጠቀማል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ እስከ 800 ስፌት ነው። ቻይና ውስጥ በዚሁ ቅርጽ የሚሠሩ ብዙ አሉ፤ ካውቦይ 4500ና ኮብራ ክላስ 4 በስም የታወቁት ናቸው። አብዛኛው መለዋወጫቸው ስለሚገጣጠም ቅጂ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከጀርመን ደግሞ ቢሌፌልድ የተሠራው አድለር 205 አለ። እሱን በጥሩ ይዞታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

ብዙ ጀማሪ ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ትልቁን ልግዛ፣ ትንሹንም ይሰፋልኛል» ይላል። አይሰፋም። ወይም ይሰፋና ያበላሸዋል። የ441 ጥርስ ሻካራና ትልቅ ነው። ለስላሳ የበግ ቆዳ ላይ ሲሄድ ሆዱን ይነክሰዋል፣ ቀጭን ክር ሲሰጡት ቋጠሮውን መደበቂያ ያጣል። የኛ አገር የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለገው ስስና ጠንካራ ስለሆነ ነው። የባቲ ፍየልም በዓለም ገበያ ስም ያወጣው በጥራቱ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ የኮርቻ ማሽን መልቀቅ ግፍ ነው። ሥራችሁ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሚበዛበት ከሆነ ትልቁን እርሱት። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ወፍራም ሥራ ትልቁ ያለው ሰው ጋ ወስዶ በዋጋ ማሰፋት ያዋጣል።

«ጂንስ ይሰፋል፣ ቆዳም ይሰፋል» ተብሎ የሚሸጠውን ጠንካራ የቤት ማሽን በተመለከተ ደግሞ፦ ይሰፋል፤ ለጥቂት ወራት።

የት ይፈለጋል

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ሻጭ ጋ እንዳይሆን። ጠጋኝ ጋ ሂዱ። መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማና ቦርሳ የሚሠሩ ቤቶችን «ማሽናችሁን ማን ይሠራላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ሰው ማን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የትኛው ማሽን በየወሩ እየተጠራ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ለምክሩ ክፈሉት። ከደላላ ኮሚሽን ያነሰ ነው፣ ጥቅሙ ግን ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ባንኮች በብድር የያዙትን የፋብሪካ ዕቃ በጋዜጣ ያወጣሉ። ጥሩ ማሽን ይገኝበታል። ነገር ግን ዕቃው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይሰፋ ዓይታችሁ ብቻ ትጫረታላችሁ። ሲፒኦ ከማሠራታችሁ በፊት ለጉብኝት በተፈቀደው ቀን ጠጋኙን ይዛችሁ ሂዱ። ማየት ብቻ ከተፈቀደላችሁ ዋጋችሁን ማሽኑ ሙሉ ጥገና እንደሚፈልግ ቆጥራችሁ አስገቡ።

ሦስተኛው ቴሌግራምና የኢንተርኔት ገበያ ነው። እዚያ ፎቶ አያሳምናችሁ። ቪዲዮ ጠይቁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የመርፌው ሰሌዳ ተነስቶ፣ መዘውሩ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያሳይ። ይህን ለመላክ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ «እዚያ ርካሽ ነው፣ ላኩልን» ማለታችሁ አይቀርም። ሊያዋጣ ይችላል። ጭንቅላቱን፣ ማለትም ማሽኑን ራሱን ብቻ አስልኩ። ጠረጴዛውና የቆመበት ብረት ከባድ ነው፣ እዚህም አናጢና ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ግን የጠረጴዛውን ቀዳዳ ቅርጽ በትልቅ ወረቀት ላይ አስነድፋችሁ አብሮ ይምጣ፣ አለዚያ አናጢው በግምት ይቆርጠዋል። የጉምሩኩን ነገር ዕቃው ሳይጫን አስቀድማችሁ ከአስተላላፊ ጠይቁ።

ስትሄዱ የምትይዙት

የራሳችሁን ቆዳ ያዙ፤ ነጠላውን፣ ድርቡን፣ ያቺን ወፍራም ጥግ። የምትሰፉበትን ክር። አዲስ የቆዳ መርፌ፣ ለማሽኑ በሚሆነው ዓይነት። ለምሳሌ 1541ና 206 በቆዳ ጫፍ 135 በ16፣ በጨርቅ ጫፍ 135 በ17 የሚባለውን ይወስዳሉ። ነጭ ወረቀት፣ ትንሽ ጥጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ። ስልካችሁ ደግሞ ለቪዲዮ።

ማሽኑ ፊት ስትቆሙ

ሻጩ አብርቶ ጠብቋችሁ ከሆነ አስጠፉት። ሞተር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ፈጣን ማሽን ላይ ጉድለት አይታይም፤ ጆሮም ይደናገራል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ በእጄ ላዙረው» በሉ። ማንም ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም።

ከውጭ ጀምሩ። የብሎን ጭንቅላቶችን ተመልከቱ። የተፋቁና የተበሉ ከሆኑ ብዙ እጅ ገብቶበታል። አዲስ ቀለም ካያችሁ ብየዳ ፈልጉ፤ በተለይ ክንዱ ከአካሉ የሚገናኝበት ቦታና እግሮቹ ሥር። የተሰነጠቀ አካል ያለው ማሽን በነፃ ቢሰጥም አይወሰድም። ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ እዩ። ሲንገር ላይ ከሞዴሉ ቁጥር በኋላ ያለው ፊደል ፋብሪካውን ይናገራል። ኬ ከሆነ የክላይድባንክ ነው፤ ደብሊው ከሆነ አሜሪካ ብሪጅፖርት የተሠራ ነው። የተለጠፈ የስም ስቲከር ብቻ ካለና የተቀረጸ ተከታታይ ቁጥር ከሌለ ስሙን እንዳልሰማችሁ ቁጠሩትና በይዞታው ብቻ ገምቱት።

አሁን መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ደጋግማችሁ። እኩል መሄድ አለበት። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ የታጠፈ ዘንግ፣ የደረቀ ቦታ ወይም የገባ ክር አለ። ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና አዙሩ። ከላላ ጥሩ፤ ካልላላ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትለፉ። ቀጥሎ መርፌ ያዡን ዘንግ በጣታችሁ ያዙና ወደ ጎንና ወደ ፊት ገፋ ገፋ አድርጉት። ለዓይን የሚታይ መወላወል ካለ የዘንጉ ቤት ተበልቷል። መዘውሩን ይዛችሁ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት መርፌው ወዲያው መከተል አለበት። መዘውሩ እየተንቀሳቀሰ መርፌው ዝም ካለ፣ መካከል ላይ ያሉት ማያያዣዎች ላልተዋል።

ከዚያ የመርፌውን ሰሌዳ አንሱና ባትሪ አብሩ። ልቡ እዚህ ነው። የመርፌውን ክር ከሥር የሚይዘው መንጠቆ ጫፉ ስል መሆን አለበት፤ የተሰበረ፣ የደነዘ ወይም በሞረድ የተሳለ መሆኑን እዩ። ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ ክርም ይይዛል። ጥጡን ደግሞ ቀስ ብላችሁ መንጠቆው ላይ ጎትቱት። ጭረት ካለ ክሮቹ ቀርተው ታያላችሁ። ትንሽ ጭረት በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። የተሰበረ ጫፍ ግን አዲስ መንጠቆ ማለት ነው፤ ዋጋውን ከመደራደራችሁ በፊት ጠይቁ።

እዚያው እያላችሁ መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበትን ጊዜ ተመልከቱ። መርፌው እታች ደርሶ ወደ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደተነሳ የመንጠቆው ጫፍ መርፌው ጀርባ መድረስ አለበት፣ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወረቀት የሚያህል ነው። ጊዜው ከሳተ ስፌት ይዘላል። ይህ ራሱ ማሽኑን አይጥለውም፤ ጠጋኝ ያስተካክለዋል። ለዋጋ ቅናሽ ግን በቂ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ማሽን «ተበላሽቷል፣ መዘውሩ ይዞራል ሥሩ አይዞርም» ተብሎ በርካሽ ይቀርባል። ኮንሲው 206፣ ሲንገር 111ደብሊው155ና አንዳንድ የጁኪ 1541 ዝርያዎች ክር ሲታነቅ መንጠቆው እንዳይሰበር ራሱን የሚያላቅቅ መጠበቂያ አላቸው። የታነቀውን ክር አውጥቶ ትንሿን ቁልፍ ተጭኖ መዘውሩን ጠንከር አድርጎ ማዞር ነው። ቀጭ ብሎ ይገባል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ደኅናውን ማሽን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሊሸጠው ይችላል። ሆኖም ቀጭ ብሎ ገብቶ ወዲያው የሚላቀቅ ከሆነ ሌላ ሕመም አለበት።

አሁን ወረቀት። የላይኛውንም የታችኛውንም ክር አውጡና ነጩን ወረቀት በባዶ መርፌ ስፉት። ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን አንሱና እዩ። እኩል ርቀት ላይ በቀጥታ መስመር መሰደር አለባቸው። የኋላ ስፌት ያለው ማሽን ከሆነ ሳታነሱ ወደ ኋላ መልሱት፤ መርፌው በመጣበት ቀዳዳ መግባት አለበት። ወደፊት 6 ሚሊ ሜትር እየረገጠ ወደኋላ 4 የሚረግጥ ማሽን ቀበቶ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያስቀይማችኋል። ማስተካከያ አለው። ግን ማስተካከያው አልሠራ ካለ መጎተቻው ተበልቷል።

በመጨረሻ ቆዳው። የራሳችሁን መርፌ አስገቡ፣ የራሳችሁን ክር አጥልቁ። ነጠላውን፣ ድርቡን፣ ከዚያ ያቺን ጥግ። ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ስፌቱ እንዳያጥር ተመልከቱ። ሲጨርስ ቆዳውን በምላጭ መስመሩ ላይ ሰንጥቁት። የላይና የታች ክር የሚተቃቀፉት ከውፍረቱ መካከል መሆን አለበት። ቋጠሮው ከላይ ወይም ከታች ብቅ ካለ ውጥረቱን አስተካክላችሁ ድገሙት። ካልተስተካከለ መወጠሪያው ዲስክ ላይ ክር የቆረጠው ቦይ ይኖራል፤ በጣት ይታወቃል። የቆዳውን ሆድም ገልብጡ። የጥርሱ ንክሻ ጥልቅ ከሆነ ገበር ለሌለው ቦርሳ አይሆናችሁም።

አንድ ስፌት ብቻ ሰፍታችሁ ማቆም ትችላላችሁ? እሱንም ሞክሩ። ቆዳ እንደ ጨርቅ ምሕረት የለውም፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይታያል። ስለዚህ ከፍጥነት ይልቅ ዝግታ ነው የሚገዛው።

የጫማ ሰፊው ማሽን

ሲንገር 29ኬና መሰሎቹ ለብቻቸው መነገር አለባቸው፤ በየሰፈሩ የምናያቸው እነሱ ናቸውና። እግራቸው ዙሪያውን 360 ዲግሪ ይዞራል፤ ቆዳውን ሳታዞሩ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ትሰፋላችሁ። ክንዳቸው ቀጭን ስለሆነ ጫማ ውስጥ ይገባል። ለዚፕ፣ ለጠጋና ለቦርሳ ጥግ የሚወዳደራቸው የለም። መብራት ሲጠፋም በእግር ወይም በእጅ ይሠራሉ።

ለቀበቶ ምርት ግን አትግዟቸው። ቦቢናቸው (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) ትንሽ ነው፣ ክሩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ቆዳውን የሚጎትተው ከላይ ያለው እግር ብቻ ስለሆነ ወፍራም ሥራ ላይ ስፌቱ ወጥ አይሆንም። ከቴክስ 70 እስከ 90 ይመቻቸዋል። 135 ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ ያጉረመርማሉ።

ስትፈትሹ አራት አቅጣጫ ስፉ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። የስፌቱን ርዝመት በማስመሪያ አወዳድሩ። በአንዱ አቅጣጫ በጣም ካጠረ ጭንቅላቱ ውስጥ ያሉት ማንቀሳቀሻዎች ተበልተዋል። በክንዱ ውስጥ መንጠቆውን የሚያዞሩት ጥርሶችም ይበላሉ። መዘውሩን ይዛችሁ መንጠቆውን በጣት ስትነኩት ብዙ ከተወላወለ ስፌት መዝለሉ አይቀርም። ስፌቱን ለማስረዘም እግሩን በጎማ ወይም በሽቦ አስረው የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ አመስግናችሁ ውጡ።

ሞተሩ

የድሮው ክላች ሞተር ሁልጊዜ ይዞራል፣ ያጉረመርማል፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ይይዛል። በልምድ ይገራል፣ ለጀማሪ ግን ማሽኑ ይጋልበዋል። ሞተሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። በደቂቃ 2,800 ገደማ የሚዞረው ለቆዳ በጣም ፈጣን ነው፤ 1,400 ገደማ ያለው ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰርቮ ሞተር ነው። ስትረግጡት ብቻ ይዞራል፣ ድምፅ የለውም፣ ፍጥነቱ በቁልፍ ይቀነሳል። ሞተሩ ላይ ያለውን ፑሌጃ በግማሽ ብታሳንሱት ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል። ቺንጊያውንም አብራችሁ መለወጥ ያስፈልጋችኋል።

መብራቱን አትርሱ። ከፋብሪካ የወጣ ማሽን ባለ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ያለው 220 ሲንግል ፌዝ ከሆነ ሞተሩ ለእናንተ ከባድ ብረት ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ባብዛኛው 110 ቮልት ነው። አንዳንዱ በሁለቱም እንዲሠራ ሽቦው ይለወጣል፤ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ ከትራንስፎርመር ጋር አትታገሉ፤ ጭንቅላቱን ያዙና እዚህ 220 ሰርቮ ግጠሙለት።

ሁለቱን ማወዳደር

ሁለት ማሽን ዓይታችሁ ስታመነቱ ዋጋውን ብቻ አታስተያዩ። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፦ የተጠየቀው ዋጋ፣ የሚለወጥ ሞተር፣ ጠረጴዛ፣ የሚቀየር ክፍል፣ የጠጋኝ እጅ፣ ማጓጓዣ፣ የደላላ ኮሚሽን። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አንዱ 90 ሺህ ሌላው 120 ሺህ ተባለ እንበል። ባለ 90ው ሞተሩ ስሪ ፌዝ ነው፣ መንጠቆው ተሰብሯል፣ ጠረጴዛ የለውም። ሦስቱን ስትደምሩበት 120ን አልፎ ሊሄድ ይችላል። በዚያ ላይ ጠጋኝ ስትጠብቁ የባከነው ሥራ አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ክፍል ዋጋ በፊት በምናውቀው አይገመትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዛሬ ደውላችሁ ጠይቁ።

አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩ፦ መርፌው፣ ቦቢኑና እግሩ እዚህ ይገኛል ወይ? ራሳችሁ ሱቅ ለሱቅ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ የሻጩ «ሞልቷል» አይበቃም። የታወቀ የጀርመን ማሽን ሆኖ መርፌው የሚመጣው በሰው እጅ ብቻ ከሆነና አጠገቡ መርፌው በየሱቁ ያለ ተራ ጁኪ ካለ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዓይኔ ከመጀመሪያው ላይ ባይነሳም።

ክፍያና ርክክብ

ሳትሞክሩ ቀብድ አታስይዙ። «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ቢባልም። ማሽን ገበያ ላይ ሌላ ማሽን ሁልጊዜ አለ። ስትደራደሩ የፈተሻችሁትን በረጋ ቃል ዘርዝሩ፦ «የኋላ ስፌቱ አይገጥምም፣ መወጠሪያው ተበልቷል፣ ሞተሩ ይቀየራል።» ዕቃውን ማጣጣል አያስፈልግም። የሚያውቅ ገዢ መሆናችሁን ሻጩ ሲያይ ዋጋው ራሱ ይረግባል።

ስትስማሙ አጭር ውል ጻፉ። የማሽኑ ስም፣ ሞዴል፣ ተከታታይ ቁጥር፣ አብረው የሚመጡ እግሮችና ቦቢኖች፣ ዋጋው፣ የሁለታችሁ መታወቂያ ቅጂ፣ ምስክር። የመሞከሪያ ቀን ጠይቁ፤ ሳምንት ቢሰጧችሁ ጥሩ ነው። ከድርጅት የወጣ ከሆነ የሽያጭ ወረቀቱን ያሳዩአችሁ። ከየት እንደመጣ የማይናገሩለት ርካሽ ማሽን ነገ ባለቤቱ ሊመጣበት ይችላል። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉት፣ ምክንያቱ ላይ የማሽኑን ቁጥር ጻፉ።

ቤት ሲደርስ

ሲጫን ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው አውርዱ፤ መርፌውን ንቀሉ፣ እግሩን ቆዳ አስነክሳችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ክር መስቀያውን ፍቱ። በመርፌ ያዡ ወይም በመዘውሩ አይነሳ። ሁለት ሰው አካሉን ይያዝ።

ቤት ሲገባ ወዲያው ሥራ አታስጀምሩት። አሮጌውን ዘይትና የቆዳ ብናኝ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡት፣ በመስኮት አጠገብ፣ እሳት በሌለበት። ሲደርቅ በየቀዳዳው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉ። የመኪና ሞተር ዘይት ይወፍራል፤ የምግብ ዘይት ሙጫ ይሆናል። በእጅ ብዙ ጊዜ አዙሩት፣ የፈሰሰውን ጥረጉ፣ እንደገና አጠጡት። መርፌ ስትቀይሩና ክር ስታጠልቁ ሞተሩ ከሶኬት ይነቀል። 140 ቁጥር መርፌ ጣት ላይ የሚያደርሰውን ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይጠይቅም።

ከዚያ ከምትሰፉት ቆዳ ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ውሰዱና ለየእያንዳንዱ የሚሆነውን መርፌ፣ ክር፣ የስፌት ርዝመትና ውጥረት እስክታገኙ ስፉ። የተስማማችሁበትን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥሮቹን ጻፉና ማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ስቀሉት። ጠጋኙ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።